ዳኛ ሲገኝ ተናገር

(የመለያ ሙዚቃ፤ ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆይና ከአቅራቢው ድምፅ ሥር ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ዛሬ የምናወራው ስለ መናገር ነው። ፖለቲካ በሚወራበት ቦታ ሁሉ፣ በእድር ስብሰባም ሆነ በወጣቶች መድረክ፣ በውጭ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ማኅበርም ሆነ እዚሁ ስቱዲዮ ስልክ ስትደውሉልን፣ አንድ ጥያቄ አይቀርም። ሁሉም የልቡን ይናገር ካልን፣ ስድቡንና ዛቻውን ምን እናድርገው? ስድቡና ዛቻው ይከልከል ካልን ደግሞ፣ የከልካዩን እጅ ማን ይያዘው?

ሁለቱን ጥያቄዎች ያዙልኝ። አንደኛው፣ የቱ ንግግር ይቁም? ሁለተኛው፣ አስቁሚውንስ ማን ያስቆመዋል?

(ሙዚቃው ይጠፋል)

አቅራቢ፦ እስቲ አንድ ስብሰባ አስቡ። ወረዳው ለመንገድ የመደበው ገንዘብ አለ፤ መንገዱ ግን የለም። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰብሳቢው እናንተ ናችሁ። አራት ሰዎች እጃቸውን አውጥተዋል። ስሟቸውና የትኛውን እንደምታስቆሙ ለራሳችሁ መልሱ።

(የስብሰባ ጫጫታ)

አንደኛ ድምፅ (አረጋዊት እናት)፦ እኔ የምለው፣ አስተዳዳሪው ይልቀቁ! አልቻሉበትም። ወንበሩ ከብዷቸዋል። እስከ መቼ ነው በጭቃ የምንመላለሰው?

ሁለተኛ ድምፅ (ጎልማሳ)፦ ምን አልቻሉበትም ይላሉ እማማ፤ ገንዘቡን በልተውት ነው እንጂ!

ሦስተኛ ድምፅ (ወጣት)፦ ድሮስ ከእነሱ ዘር ምን ይጠበቃል? ሁሉም ያው ናቸው። ጠራርጎ ከዚህ ማስወጣት ነው!

አራተኛ ድምፅ (በቁጣ)፦ እኔ ወሬ አላበዛም። ቤታቸውን እናውቀዋለን። አሁኑኑ ተነስተን በራቸው ላይ እንገናኝ። ዱላ ያለው ዱላውን ይያዝ!

(ጫጫታው ከፍ ብሎ በድንገት ይቆማል)

አቅራቢ፦ እ? የትኛውን አስቆማችሁ?

(አጭር ዝምታ)

አቅራቢ፦ አንዳንዶቻችሁ፣ «አራቱንም! እኛ ሰላም ነው የምንፈልገው» ሳትሉ አትቀሩም። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ፣ «ማንንም አላስቆምም፤ ነፃነት ነፃነት ነው» ብላችኋል። ሁለቱም መልሶች ለሰብሳቢ ይቀላሉ። ምክንያቱም ሁለቱም ማሰብ አይጠይቁም። የሚከብደው አራቱን ንግግሮች አንድ በአንድ መለየት ነው። ዛሬ እሱን እንሞክር።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አቅራቢ፦ ከእማማ እንጀምር። «አልቻሉበትም፤ ይልቀቁ» ነው ያሉት። ንግግራቸው ይቆረቁራል? አዎ። አስተዳዳሪው እዚያው ተቀምጠው ቢሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል? ሳይጠቁር አይቀርም። ነገር ግን ባለሥልጣንን፣ ያውም በሕዝብ ገንዘብ ጉዳይ፣ መተቸት የመናገር ነፃነት ዋና ሥራው ነው። ስለ ዝናቡና ስለ ፀሐዩ ለማውራትማ ማን ሕገ መንግሥት ይፈልጋል?

ሕገ መንግሥት ካነሣን አይቀር፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 አለ። ይህ አንቀጽ ሳንሱርን፣ ማለትም ቅድመ ምርመራን፣ በማንኛውም መልኩ ይከለክላል። ገደብ የሚጥል ሕግ ቢወጣ እንኳ፣ ሐሳቡ በያዘው አመለካከት ወይም ያ አመለካከት በሚያሳድረው ተጽዕኖ ምክንያት መገደብ እንደሌለበት ያስቀምጣል። በቀላሉ ስንለው፣ «አመለካከትህን አልወደድኩትምና ዝም በል» ማለት አይቻልም።

ይህ አንቀጽ እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም። ከኋላው ብዙ የታፈነ ቃል አለ። በዓሉ ግርማን አስታውሱ። በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ የነበረ፣ የወቅቱን ሥርዓት ከውስጥ የሚያውቅ ደራሲ ነው። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» የተሰኘው ልቦለዱ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። እስቲ ልጠይቃችሁ፣ መጽሐፉ ጠፋ? አልጠፋም። እንደገና ታተመ፤ ዛሬም እየተነበበ ነው። አፈናው ሐሳቡን አልገደለውም። አገሪቱ ግን አንድ ትልቅ ደራሲ አጣች።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ነጥብ ያዙ። ሐሳብ መራራ ስለሆነ ብቻ አይቆምም። እደግመዋለሁ፤ መራራነት ብቻውን ማስቆሚያ ምክንያት አይሆንም። እማማ ይናገሩ።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አቅራቢ፦ ወደ ጎልማሳው እንሂድ። «በልተውታል» አለ። ይሄኛው ከእማማ ንግግር ይለያል። እማማ የሰጡት አስተያየት ነው፤ ጎልማሳው ያቀረበው ክስ ነው። ክስ ወይ እውነት ነው፣ ወይ ሐሰት። እውነት ከሆነ ሕዝቡ ሊሰማው ይገባል። ሐሰት ከሆነ ደግሞ የአንድን ሰው ስም ያቆሽሻል። ሕገ መንግሥቱም የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ሕግ ሊወጣ እንደሚችል ይፈቅዳል።

ታዲያ ሰብሳቢው ምን ያድርግ? ዝም ያሰኘው? የለም፤ ይጠይቀው። «ወንድሜ፣ በምን አወቅህ? ያየኸው ሰነድ አለ? የሰማኸው ከማን ነው?» ቀጥሎም ዕድሉን ለተከሳሹ ይስጥ።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በላ ልበልሃ የተባለውን የአባቶቻችንን ሙግት ታውቁታላችሁ። ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ይቆማሉ፤ በየተራ ይናገራሉ፤ «ተጠየቅ» እየተባባሉ ይፋጠጣሉ። ዳኛ ከጠፋ መንገደኛ ሽማግሌ ጠርተው ዛፍ ሥር ያስቀምጡ ነበር። ቃላቸው ስለታም ነው፤ ግጥሙም ዘለፋውም አለበት። ያም ሆኖ ተራ አለው፣ ሰሚ አለው፣ ማስረጃ ጠያቂ አለው። «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» የተባለውም ያለ ነገር አይደለም። ንግግር ከነስለቱ ሰው ሳይጎዳ እንዲወጣ የሚያደርገው መልካም ዳኛ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ነጥብ፣ ክስ አይታፈንም፤ ይጠየቃል። ከዚያም የተከሰሰው ይመልሳል።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አቅራቢ፦ አሁን ቅደም ተከተሉን ላዛባና በአራተኛው ሰው በኩል ልለፍ። «በራቸው ላይ እንገናኝ፤ ዱላ ይያዝ» ያለውን።

ጆን ስቱዋርት ሚል የሚባል እንግሊዛዊ ፈላስፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ነፃነት በጻፈው መጽሐፉ ውስጥ አንድ ምሳሌ አለ። «እህል ነጋዴዎች ድሃውን በረሃብ የሚጨርሱ ናቸው» ብሎ በጋዜጣ የሚጽፍ ሰው ሊነካ አይገባም ይላል። ነገር ግን ያው ሰው፣ ያንኑ ቃል፣ የተቆጣ ሕዝብ በእህል ነጋዴው ደጅ በተሰበሰበበት ሰዓት ቢናገረው ሊቀጣ ይችላል። ቃሉ ተለወጠ? አልተለወጠም። የተለወጠው ቦታው፣ ሰዓቱና የሰሚው ሁኔታ ነው።

ይህ ሐሳብ ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ተፈተነ። እ.ኤ.አ. በ1964 በኦሃዮ ግዛት፣ አንድ እርሻ ላይ ኩ ክለክስ ክላን የተባለው የነጭ ዘረኞች ቡድን አባላት ተሰበሰቡ። ፊታቸውን የሸፈኑ አሥራ ሁለት ሰዎች የእንጨት መስቀል አቃጠሉ፤ ጥቁሮችንና አይሁዶችን ሰደቡ፤ መሪያቸውም ስለ በቀል አወራ። በቦታው ከእነሱና ከጋዜጠኞቹ በቀር ማንም አልነበረም። መሪው ተከስሶ ተፈረደበት። እ.ኤ.አ. በ1969 ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ንግግር የሚከለከለው ሕገ ወጥ ድርጊትን ወዲያውኑ ለማስነሳት ያለመ ሲሆንና ያንንም የማስነሳት ዕድል ሲኖረው ነው አለ።

«እንዴት! ያን የመሰለ ጸያፍ ንግግር?» ትሉ ይሆናል። እኔም ይገባኛል። ለዚህ ነው ሌላውን ጽንፍ ማየት ያለብን። ለእሱ ደግሞ ወደ ራሳችን አህጉር እንመለስ።

(ሙዚቃ የለም፤ አቅራቢው ቀስ ብሎ)

አቅራቢ፦ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1993 ሩዋንዳ ውስጥ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ሚል ኮሊን ይባላል። ዘመናዊ ሙዚቃ ያሰማል፤ ቀልድ ያወራል፤ ወጣቱ ወደደው። በሙዚቃውና በቀልዱ መሃል ግን የቱትሲ ብሔረሰብ ሰዎችን «በረሮ» ማለት ጀመረ። በሚያዝያ 1994 የዘር ማጥፋቱ ሲጀመር ጣቢያው ሊገደሉ ይገባል ያላቸውን ሰዎች ስምና የተደበቁበትን ቦታ ያስተላልፍ ነበር። መንገድ የዘጉት ሚሊሻዎች ሬዲዮናቸውን ይዘው ያዳምጡ ነበር። በመቶ ቀናት ውስጥ 800 ሺህ ያህል ሰዎች አለቁ።

በታንዛኒያ አሩሻ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ሦስት ሰዎችን ጥፋተኛ አለ። ሁለቱ ከጣቢያው መሥራቾች ናቸው፤ አንዱ የጋዜጣ አዘጋጅ ነው። በ2007 በተሰጠው የይግባኝ ውሳኔ አንዳንድ ክሶች ተሻሩ፤ ቅጣቱም ተቀነሰ። ነፃ የወጣ ግን የለም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የይግባኝ ዳኞቹ የጣቢያውን ሥርጭት ለሁለት ከፈሉት። ግድያው ከመጀመሩ በፊት የነበረው ሥርጭት የዘር ጥላቻን ቀስቅሷል፤ ነገር ግን ለዘር ማጥፋት ቀጥተኛ ጥሪ ስለመሆኑ አልተረጋገጠም አሉ። ግድያው ከተጀመረ በኋላ የተላለፈው ግን ቀጥተኛ ጥሪ ነው አሉ።

አያችሁ? ስለ ኦሃዮውና ስለ ሩዋንዳው ንግግር የተጠየቀው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። መልሱ የተለያየው ሁኔታው ስለሚለያይ ነው። በአንድ በኩል ሜዳ ላይ አሥራ ሁለት ሰዎች፣ ከጋዜጠኛ በቀር ሰሚ የሌላቸው። በሌላ በኩል አገር የሚያዳምጠው ሬዲዮ፣ ቆንጨራ ይዞ የቆመ ሚሊሻ፣ አቤት የሚባልበት መንግሥት የሌለበት ቀን።

እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት የጠራቸው ባለሙያዎች በሞሮኮ ራባት ተሰብስበው ይህንን መለያ በጥያቄ መልክ አስቀመጡት። እኔ ወደ ስብሰባ ቋንቋ ላምጣው። ወቅቱ ምን ይመስላል? ተናጋሪው ማነው፣ ምን ያህልስ ይሰማል? ያሰበው ምንድን ነው? ያለውስ በትክክል ምንድን ነው? ለስንት ሰው ደረሰ? ጉዳት የሚደርስበት ዕድል ምን ያህል ቅርብ ነው? ስድስት ጥያቄዎች ናቸው። ስድስቱንም ባታስታውሱ፣ «ማን፣ ለማን፣ መቼ ተናገረው?» ማለትን አትርሱ።

ስለዚህ አራተኛው ሰው ይቁም። ወዲያውኑ ይቁም። የተቆጣ ሕዝብ አለ፣ የሚታወቅ ቤት አለ፣ ዱላ ያዙ ተብሏል፣ «አሁኑኑ» ተብሏል።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አቅራቢ፦ የቀረን ወጣቱ ነው። «ከእነሱ ዘር ምን ይጠበቃል» ያለው። ከአራቱ ሁሉ የሚያስቸግረው እሱ ነው። ዱላ ያዙ አላለም። ነገር ግን ከመንገዱ ገንዘብ ወጥቶ በሰዎች ትውልድ ላይ ዘመተ። አዳራሹ ውስጥ ከዚያው ብሔረሰብ የሆነ ሰው ቢኖር፣ ከዚህ በኋላ ስለ መንገዱ እጁን የሚያወጣ ይመስላችኋል? አያወጣም። ኮቱን ደርቦ ይወጣል። በአንድ ሰው ንግግር የሌሎች ሰዎች አንደበት ተዘጋ ማለት ነው።

በአገራችን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከት አዋጅ፣ ቁጥር 1185፣ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በፆታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ አድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያራምድ ንግግርን ያስቀጣል። ትምህርታዊ ጥናትን፣ ዜናን፣ ፖለቲካዊ ሂስን፣ ኪነ ጥበብንና ሃይማኖታዊ ትምህርትን ደግሞ ከዚህ ለይቶ ያስቀምጣል። የሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች ግን ትርጓሜው ሰፊ ነው፤ ተቺን ለማጥቂያ ሊውል ይችላል ብለው ተከራክረዋል።

ሰብሳቢው ግን ፖሊስም ዓቃቤ ሕግም አይደለም። የሚያደርገው ከእስር የቀለለ ነው። ንግግሩን ያቋርጣል፤ ምክንያቱን ይናገራል፤ በር ይከፍታል። እንዲህ ይበለው፦ «ወንድሜ፣ ስለ አስተዳዳሪው ሥራ የፈለግከውን ያህል ተናገር። ስለ ዘራቸው ግን በዚህ መድረክ አይነገርም። ስለ መንገዱ ያለህን ቀጥል።» ሐሳቡ አልታገደም፤ የታገደው ሰውን በዘሩ መክሰስ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ እንግዲህ ይህ ነው። ሥራን መተቸት ይፈቀዳል፤ በዘር ማጥቃት ይታረማል፤ ወደ ጥቃት መጥራት ይቆማል።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አቅራቢ፦ ነገሩ በዚህ አላበቃም። እማማ «ይልቀቁ» ሲሉ የአስተዳዳሪው ደጋፊዎች ተነስተው ወንበር መወርወር ቢጀምሩስ? ማንን ታስወጣላችሁ?

ብዙ ሰብሳቢ «እማማ፣ እባክዎ ይቀመጡ፤ ረብሻ ፈጠሩ» ይላል። በእንግሊዝ አገር፣ ዌክፊልድ በምትባል ከተማ፣ ይህንኑ የመሰለ ጉዳይ ገጥሟል። ሦስት ሴቶች በካቴድራሉ ደረጃ ላይ ቆመው ይሰብካሉ። ከመቶ በላይ ሰው ተሰበሰበ፤ ጥቂቱ ተቆጣ። ፖሊሱ የተቆጡትን ሳይሆን ሰባኪዎቹን ዝም በሉ አላቸው፤ እምቢ ሲሉም አሰራቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፖሊሱ ተሳስቷል አለ። ዳኛው ሰድሊ ማንንም የማያስከፋ ነገር ብቻ ለመናገር የሚፈቅድ ነፃነት ነፃነት ተብሎ ሊያዝ የሚገባው እንዳልሆነ ገለጹ። ረብሻው የሚመጣው ከማን ነው? የሚታረመውም እሱ ነው። አለበለዚያ ጮክ ብሎ የተቆጣ ሁሉ የሌላውን አፍ የመዝጋት ሥልጣን ያገኛል።

ይህን አስታውሱ፦ ወንበር የወረወረው ይውጣ፤ እማማ ይቀጥሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄያችን ደረስን። ምን ነበር? አዎ፣ አስቁሚውን ማን ያስቆመዋል?

ሄንሪ ማርቲን ሮበርት የአሜሪካ ጦር መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1863 በአንድ ቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ምራ ተባለ። እንዴት እንደሚመራ አያውቅም፤ ስብሰባው ተበጠበጠበት። ከዚያ በኋላ የስብሰባ ሥርዓት ሲያጠና ቆይቶ በ1876 ደንቦቹን በመጽሐፍ አወጣ። እስካሁን ብዙ ማኅበራት፣ በአሜሪካ ያሉ የእኛ ሰዎች ማኅበራትን ጨምሮ፣ በዚያ ደንብ ወይም እሱን በመሰለ ሥርዓት ይሰበሰባሉ።

ደንቡ ተናጋሪውን ይገድባል። በሰብሳቢው በኩል እንጂ ፊት ለፊት አትነታረኩ፤ ሐሳቡን እንጂ የባልንጀራህን ዓላማ አታጥቃ፤ ያልተናገረ ሰው እያለ ሁለተኛ ዙር አትውሰድ ይላል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ሰብሳቢውንም መገደቡ ነው። ሰብሳቢው በክርክሩ መግባት ከፈለገ ወንበሩን ለሌላ ይለቅቃል። ሰብሳቢው «አቁም» ያለው ሰው ደግሞ ቅር ካለው ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ጉባኤው ድምፅ ሰጥቶ የሰብሳቢውን ውሳኔ ሊሽር ይችላል።

ከልካዩም የሚከለክለው አለ ማለት ነው። ገደብን ከአፈና የሚለየው ይኸው ነው። ሳንሱር የሚያደርገው ሰው ምክንያቱን አይናገርም፤ ይግባኝም አይሰማም። መልካም ሰብሳቢ ደንቡን ከስብሰባው በፊት ያነባል፤ ሲያስቆም ለምን እንደሆነ ይናገራል፤ ይግባኝ ሲባል ይቀበላል።

አንድ ፈተና ልጨምርላችሁ። የሚከብደው እሱ ነው። እናንተ የምትደግፉት ወገን ሰው በሌላው ወገን ዘር ላይ ቢነሳ፣ ታስቆሙታላችሁ? ሌላው ወገን የእናንተን መሪ «አልቻለም» ቢል ዝም ብላችሁ ትሰሙታላችሁ? ሁለቱንም «አዎ» ካላችሁ ወንበሩ ይገባችኋል። አንዱን ብቻ ከሆነ ግን ደንብ አልያዛችሁም፤ ወገን ነው የያዛችሁት።

(የመለያ ሙዚቃ በዝግታ ይገባል)

አቅራቢ፦ እንጠቅልል። መራራ ሐሳብ ይነገራል። ክስ ይጠየቃል፤ ተከሳሹም ይመልሳል። ሰውን በዘሩ ማጥቃት ይታረማል። የጥቃት ጥሪ ወዲያው ይቆማል። የሚረብሸው እንጂ የሚናገረው አይወጣም። አስቁሚውም በይግባኝ ይያዛል።

ለሳምንቱ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በምትሄዱበት እድር፣ ማኅበር ወይም የወጣቶች ስብሰባ አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ «ሰብሳቢው ቢያስቆመን ይግባኝ የምንለው ለማን ነው?» መልስ ካለ ጻፉልን፤ እንማርበት። መልስ ከሌለ ደግሞ ቀጣዩ ስብሰባችሁ በዚያ አጀንዳ ይጀምር። በሚመጣው ሳምንት ከደብዳቤዎቻችሁ ጥቂቱን እናነብባለን። የማይስማማ አስተያየት ያላችሁም ጻፉ፤ እሱንም እናነበዋለን።

እስከዚያው ደህና ሁኑ!

(የመለያ ሙዚቃው ከፍ ብሎ ይዘጋል)